«ታዟል»፦ ሙግት ከአፍ ወደ ወረቀት የወረደበት ታሪክ

ሰውን ለማስቆም ወረቀት የማያስፈልግበት ዘመን ነበር። ተበደልኩ ያለ ሰው የበደለውን መንገድ ላይ ሲያገኘው «በሕግ አምላክ!» ይላል። በቃ፣ ይሄ ይበቃል። የተጠራው ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ ካለፈ በበደሉ ላይ ሌላ በደል ጨመረ ማለት ነውና ይቆማል። «በምኒልክ አምላክ»፣ ኋላም «በጃንሆይ አምላክ» እያሉ የሚያስቆሙም ነበሩ። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ። ፖሊስ የለም፤ ማኅተም የለም፤ መዝገብ ቁጥር የለም። ያለው ድምፅና ቋጠሮ ብቻ ነው።

ዛሬ ያ ድምፅ ወረቀት ሆኗል፤ ስሙ መጥሪያ ነው። ቋጠሮውም ወረቀት ሆኗል፤ ስሙ ቀጠሮ ነው። ብዙዎቻችን ግን ፍርድ ቤትን የምናስበው ገና በድሮው ዓይን ነው። ጠበቃው ቆሞ የሚያፋጥጥበት፣ ምስክሩ የሚንቀጠቀጥበት፣ ዳኛው ፍርዱን የሚያነቡበት አንድ ትልቅ ቀን ያለ ይመስለናል። ፊልሞቹም እንዲያ ነው ያሳዩን። የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከዚያ ቀን በፊት፣ ማንም በማያጨበጭብላቸው ትንንሽ ወረቀቶች ላይ ነው። በአንድ ገጽ መልስ፣ በሁለት መስመር ትዕዛዝ፣ «ታዟል» በሚል አንድ ቃል።

ስለዚህ ስለ እነዚህ ወረቀቶች ልጽፍ ፈለግሁ። ከየት መጡ? ምን ይላሉ? ሳናነባቸው ስንቀርስ ምን ያስከፍሉናል?

አፍ ዳኛ በነበረበት ጊዜ

የድሮው ሙግት ትርኢትም ሕግም ነበር። ባለጉዳዮቹ ቆመው፣ ሸማቸውን አስተካክለው፣ «በላ ልበልሃ» እያሉ በየተራ ይናገራሉ። አንዱ «ተጠየቅ» ሲል ሌላው መጠየቁን ተቀብሎ ይመልሳል። ነገሩ ሲከር ውርርድ ይመጣል። ያልኩት ሐሰት ከሆነ ማር እከፍላለሁ፣ በቅሎ እሰጣለሁ ይባላል። ውርርዱ እውነትን ለማጽናት የተበጀ ነው፤ ሰው በበቅሎው ሲምል ሁለት ጊዜ ያስባል። በዙሪያው የቆመው ሕዝብም ዝም ብሎ አያይም። በታላላቆቹ ችሎቶች ደግሞ አስተያየት የሚሰጠው ከታናሽ ወደ ታላቅ ነበር፤ ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳያጎበድድ።

ዕዳ ያለበትና አበዳሪው በሰንሰለት እጅ ለእጅ ተቆራኝተው የሚኖሩበት ልማድም ነበር። «የእገሌ ቁራኛ ሆኜ ቀረሁ» ስንል የምንጠቅሰው ይህንኑ ነው። ዛሬም የፍርድ ቤት ወረቀቶች ላይ «ግራ ቀኙን መርምረናል»፣ «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ» የሚል ቃል እናነባለን። ከሳሽና ተከሳሽን «ግራ ቀኝ» የሚላቸው ይህ አነጋገር በዳኛ ፊት በሁለት ወገን የቆሙ ሰዎችን ያሳያል። ሰዎቹ ከቦታው ቢሄዱም ቃሉ አቋቋማቸውን ይዞ ቀርቷል።

ያንን ዘመን በናፍቆት ብቻ ማየት ግን አይገባም። አፍ ዳኛ በሆነበት አገር አፍ የሌለው ሰው ምን ይሆናል? የሚንተባተበው፣ በሰው ፊት መናገር ያልለመደችው ሴት፣ ለውርርድ የሚያስይዘው በቅሎ የሌለው ገበሬ? የሚናገርላቸው ሰው መፈለግ ነበረባቸው። የተወሰነውም ነገር የሚኖረው በሰው ትዝታ ውስጥ ነው። ምስክሮቹ ሲሞቱ ፍርዱም አብሮ ይሞታል፤ ክርክሩም ከልጅ ልጅ ጋር እንደገና ይጀመራል።

ወሎም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ በነበረች ጊዜ የመጨረሻው ጆሮ የገዢው ጆሮ ነበር። ከዚያ በላይ ይግባኝ የሚል ወሎዬ ወደ አዲስ አበባ መውረድ ነበረበት፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዙፋን ችሎት እስኪቀርብ ድረስ ስንቁን ጨርሶ፣ በሬውን ሸጦ የሚቆይ ባለጉዳይ የተለመደ ሰው ነበር።

ወረቀቱ ሲመጣ

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ የመጀመሪያው የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቆመ። በዚያው ዓመት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ስሙን ልብ በሉት፤ ነጋሪት የሚጎሰም ከበሮ ነው። አዋጅ በከበሮ ይነገር የነበረበት አገር ጋዜጣውንም በከበሮው ስም ጠራው።

ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። በመስከረም ወር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በድንጋጌ ቁጥር 52 ወጣ። ከዚያ በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን እዚሁ አገር ውስጥ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ብዙ ነገሩን የወሰደው ከሕንድ የ1908 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የሕንዱ ደግሞ በእንግሊዝ አገዛዝ የተጻፈ ነው። እንግዲህ ዛሬ ደሴ ላይ አንድ ነጋዴ የሚቀበለው መጥሪያ አጥንቱ በሕንድ በኩል ዞሮ የመጣ፣ ቃሉ ግን «ግራ ቀኙ» የሚል ወረቀት ነው።

ያ ሕግ ንጉሡን አለፈ፤ ደርግን አለፈ፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሥር እስከ ዛሬ ይሠራል። ሦስት መንግሥታት ሲቀያየሩ የመጥሪያው ሥርዓት አልተቀየረም። አብዮት ዙፋን ይገለብጣል፤ አንቀጽ 70ን መገልበጥ ግን የቻለ የለም።

ደሴ ላይ «የፌዴራል» ጉዳይ አለ ወይ?

ብዙ ሰው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሲባል አዲስ አበባ ልደታን ያስባል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ጉዳይን የፌዴራል የሚያደርገው ሕንፃው አይደለም፤ የነገሩ ዓይነት ወይም የተከራካሪዎቹ ማንነት ነው። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 ዝርዝሩን አስቀምጦት ነበር። የፌዴራል መንግሥት አካል ተከራካሪ የሆነበት፣ በተለያዩ ክልሎች ነዋሪ የሆኑ ሰዎች የሚካሰሱበት፣ የውጭ ዜጋ ያለበት፣ በቼክና በመሳሰሉ የሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶች ላይ የተነሣ፣ የኢንሹራንስ ውልን የሚመለከት ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነው። ያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1234 ተተክቷል።

አሁን ኮምቦልቻን አስቡ። ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ የሚመጣው መኪና፣ ፋብሪካዎቹ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በቼክ የሚገበያየው ነጋዴ። አሜሪካ ሄዳ ዜግነት ቀይራ ደሴ ባለው የአባቷ ቤት ላይ የምትከራከረዋንም ጨምሩ። ይህ ሁሉ የፌዴራል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ታዲያ የት ይታያል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 80 የፌዴራል ከፍተኛና መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ለክልሎች በውክልና ሰጥቷል። የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃውን ሥራ ይሠራል፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛውን። በ1995 ዓ.ም. በአፋር፣ በሶማሌ፣ በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በደቡብ ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም በአዋጅ ተወስኖ ነበር፤ አማራ ክልል ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ደሴ ያለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጠዋት የክልል ጉዳይ ያያል፤ ከዚያው ወንበር ሳይነሣ የፌዴራል ጉዳይ ያያል። ዳኛው ያው፣ አዳራሹ ያው። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው። በዚህ የውክልና ሥልጣን የተሰጠ ውሳኔ ይግባኙ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህን ያላየ ሰው የተሳሳተ በር እያንኳኳ የይግባኙን 60 ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ወረቀቶቹ በተራቸው

መጀመሪያ የሚመጣው የክስ ማመልከቻ ነው። አንቀጽ 80 ማመልከቻ የነገሩን ፍሬ ብቻ ባጭሩ እንዲይዝ ያዛል። ልማዳችን ግን ከአደባባዩ የመጣ ነው፤ ከአያት ጀምረን እንተርካለን። ጥሩ ራፖር ጸሐፊ የሚታወቀው ስድስት ገጽ በመጻፉ ሳይሆን፣ የሰማውን የስድስት ገጽ ምሬት ወደ አንድ ገጽ ፍሬ ነገር በማውረዱ ነው። ማስረጃውም ተዘርዝሮ ከክሱ ጋር መያያዝ አለበት። «ምስክር አለኝ፣ ኋላ አመጣለሁ» የአደባባይ ንግግር ነው፤ መዝገብ አይቀበለውም።

ቀጥሎ መጥሪያ። ብዙ ሰው መጥሪያን አልቀበልም ማለት የሚያድን ይመስለዋል። ድሮ ከድምፁ መሸሽ ይቻል ይሆናል፤ ከወረቀቱ ግን አይቻልም። ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን ማግኘት ካልተቻለ ወረቀቱ በበሩ ላይ እንዲለጠፍ ወይም በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። አዲስ ዘመን ወይም በኩር ጋዜጣ ላይ በትንሽ ፊደል ታጭቀው የምናያቸው «ለተከሳሽ እገሌ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሥራቸው ይህ ነው። ማንም አያነባቸውም እንላለን፤ ሕጉ ግን ተነግሮሃል ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ቅድም የጠቀስኩት አንቀጽ 70 የሚመጣው። መጥሪያው በትክክል ደርሶት ተከሳሽ ካልቀረበ ክርክሩ እሱ በሌለበት ይሰማል። ካልደረሰው ሌላ መጥሪያ ይወጣል። ደርሶት ግን ለመዘጋጀት ጊዜ ያነሰው ከሆነ ቀኑ ይራዘማል። ሦስቱ መንገዶች የሚለያዩት መጥሪያው መቼና እንዴት እንደደረሰ በሚገልጸው በዚያች ትንሽ ማረጋገጫ ነው።

ሦስተኛው መልስ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ወረቀት። ሕጉ በክሱ ላይ የተጻፈውን እያንዳንዱን ነገር ነጥሎ ያልካደ ሰው እንዳመነ ይቆጥረዋል። «ክሱ በሙሉ ሐሰት ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ይሄ ሰው የሚያስደነግጥ የፈረንጅ ሕግ ይመስላል፤ ግን ከ«ተጠየቅ» ጋር አስተያዩት። ያኔም የተጠየቀ ሰው ጥያቄውን ዘሎ ሌላ ወሬ ቢጀምር «የተጠየቅኸውን መልስ!» ይባል ነበር። ሕጉ ከሕንድ ቢመጣም ይህች ደንብ አገሯ የገባች ያህል ናት።

ከመልሱ ጋር የሚሄድ ሌላ ወረቀት አለ፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይባላል። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ነገሩ ከዚህ በፊት ተፈርዶበታል፣ በሌላ ፍርድ ቤት ላይ ነው፣ ወይም በይርጋ ታግዷል የሚሉት እዚህ ይነሣሉ። ይርጋ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1856 ዳኛ ይርጋን በራሱ አነሣሽነት እንዳያነሣ ይከለክላል። ከውል የመጣ ዕዳ በመደበኛው 10 ዓመት ያልፈዋል እንበል፤ አበዳሪው በ12ኛው ዓመት ቢከስ፣ ተበዳሪው ያቺን አንድ መስመር በጊዜዋ ካልጻፈ የሞተው ዕዳ ተነሥቶ ይሄዳል። ዳኛው እያዩት። ሊረዱት ቢፈልጉ እንኳ እጃቸው የታሰረ ነው።

ቼክ ላይ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ። በቼክ ወይም ልኩ በታወቀ የውል ገንዘብ ላይ ከሳሹ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊከስ ይችላል። እዚህ መንገድ ላይ ተከሳሽ ዝም ብሎ መልስ አይሰጥም፤ መጀመሪያ በቃለ መሐላ አስደግፎ «እንድከላከል ይፈቀድልኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሁለቱ መጥሪያዎች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ውስጡን ላነበበ ነው።

ትዕዛዝ፣ ብይን፣ ፍርድ

ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ውስጥ የፍርድ ቤት ወረቀት የያዘ ሰው ማንበብ ይችላል ወደተባለ ልጅ መሄዱ የተለመደ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ወረቀት ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ። ትዕዛዝ ይላል አሉኝ። ቤቴን ወሰዱት ማለት ነው?»

አነበብኩት። ተከሳሽ መልሳቸውን ይዘው እንዲቀርቡ ቀን የተቀጠረበት ሁለት መስመር ነበር።

«አብሽሩ እትዬ፣ ምንም አልተፈረደብዎትም። ቀን ነው የተቆረጠልዎት።»

«ታዲያ ትዕዛዝ ምን አስባለው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በአማርኛ ትዕዛዝ ከባድ ቃል ነው፤ የንጉሥ፣ የወታደር አዛዥ ቃል። ፍርድ ቤት ግን ለትንሹም ለትልቁም ይጠቀምበታል። ነገሩን ባጭሩ እንዲህ መያዝ ይቻላል። ትዕዛዝ ክርክሩን ይመራል፤ ይቅረብ፣ ይያያዝ፣ ይቀጠር፣ ይታገድ ይላል። ብይን በመሃል የተነሣን ጥያቄ ይቆርጣል፤ ለምሳሌ መቃወሚያውን ይቀበላል ወይም አይቀበልም። ፍርድ ዋናውን ነገር ይጨርሳል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንቀጽ 320 በቀጠሮ፣ በመቃወሚያ ወይም በማስረጃ አቀባበል ላይ በተሰጠ የመሃል ትዕዛዝ ወዲያው ይግባኝ እንዳይባል ይከለክላል፤ ቅሬታው ተይዞ ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ይቀርባል። ንብረትን ወይም መብትን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያዛውር ትዕዛዝ ግን ወዲያው ይግባኝ ይባልበታል። «ትዕዛዝ» የሚል አንድ ርዕስ ያላቸው ሁለት ወረቀቶች፣ አንዱ ታገሥ ይላል፤ ሌላው ሩጥ ይላል።

«መዝገቡ ተዘግቷል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሰው ይህን ሲያነብ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ሁለቱም ወገን ስላልቀረቡ የተዘጋ ከሆነ ከሳሽ ዳኝነት ከፍሎ እንደገና መክሰስ ይችላል። ተከሳሽ ቀርቦ ከሳሽ ብቻ ስለቀረ የተዘጋ ከሆነ ግን አዲስ ክስ የለም፤ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያቱን አቅርቦ መዝገቡን ማስነሣት አለበት። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ትዕዛዙ በጠቀሰው አንቀጽ ቁጥር ነው፤ 69 ወይስ 73። ሁለት አኀዝ፣ ሁለት ዕድል።

ፍርዱ ከወጣ በኋላም ወረቀት አያልቅም። «ተፈረደልኝ» እና «ተከፈለኝ» በመካከላቸው አፈጻጸም የሚባል ሌላ መዝገብ አለ። ፍርድ በራሱ እግር አይሄድም፤ የፍርድ ባለመብቱ አመልክቶ ማስፈጸም አለበት። ለዚህም 10 ዓመት ገደብ አለው።

እነዚህ አጥንቶች የኛ ብቻ አይደሉም። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። እዚያ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። ክሱ አጭርና ግልጽ ይሁን ይላል፤ መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽ በመደበኛው በ21 ቀን ውስጥ ካልመለሰ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። እኛ ጋ ቀኑን የሚቆርጠው በመጥሪያው ላይ ፍርድ ቤቱ ነው። ትልቁ ልዩነት ሌላ ነው። እዚያ የፌዴራል መዝገብ ወረቀቶች ፔሰር በሚባል ሥርዓት ገጽ በ10 ሳንቲም በኢንተርኔት ይነበባሉ። የኛዎቹ መዝገብ ቤት ውስጥ በክር ታስረው ተቀምጠዋል፤ ለማየት እዚያው መሄድ፣ ቁጥሩን መያዝ፣ ወረፋ መጠበቅ ነው።

አንድ መቃወሚያ ምን አደረገ

ትንሽ ወረቀት የቱን ያህል ትልቅ እንደሚሆን የሚያሳይ እውነተኛ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የውርስ ክርክር ጉዳዩ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀረበ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 እንደገና የተደራጁ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ የሚመሩትም በዚሁ የ1958ቱ ሥነ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ተከሳሾቹ «እኛ እዚህ ለመዳኘት አልፈቀድንም» ብለው ተቃወሙ። ፍርድ ቤቱ አልፎት ቀጠለ። ይግባኝ አሉ፤ አልተቀበሏቸውም። እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ደረሱ፤ እዚያም አልሆነም።

ሆኖም ያ መቃወሚያ ከመዝገቡ አልወጣም። ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። በ1996 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ፈቃዳቸው ሳይኖር የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። መጀመሪያ ላይ ተቃውመው ባይሆን ኖሮ ኋላ አልፈቀድንም ለማለት ምን ይዘው ይቀርቡ ነበር? ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ውስጥ በሚኖርበት ወሎ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንድ ወራሽ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ልዳኝ ሲል የሚወስነው የፈቃድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የማይደርስበት ወር

ወረቀት ሰላም ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻም ሲቆይ፣ ሕዝቡ በእግሩም በመኪናም ወጣ። በዚያ ወር ቀጠሮ የነበረው ሰው፣ የይግባኝ ቀኑ የሚያልቅበት ሰው፣ መልስ የማቅረቢያ ጊዜው የደረሰበት ሰው የት ነበር? አዲስ አበባ ዘመድ ቤት፣ ወይም መንገድ ላይ። ቀኑ ግን አልተሰደደም፤ እየቆጠረ ነበር።

ሕጉ ለዚህ አንድ ሐረግ አለው፤ «በቂ ምክንያት»። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ መጥሪያ አልደረሰኝም ወይም ለመቅረብ ያልቻልኩት በበቂ ምክንያት ነው ብሎ ማመልከት ይችላል፤ አንቀጽ 78። የይግባኝ ቀኑ ያለፈበትም በተመሳሳይ ምክንያት ያስፈቅዳል። ጦርነት በቂ ምክንያት አይሆንም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ሌላ ነው፤ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ራሱ መጥቶ ካልጻፈው ምክንያቱ መዝገብ ውስጥ የለም። ሁሉም ያየው ጦርነት እንኳ ለዳኛው የሚታየው በማመልከቻ ሲቀርብ ነው። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ወረቀቱ ካላወቀው አልሆነም።

ሙግት ወደ ወረቀት ሲወርድ ያጣነውም ያገኘነውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያጣነው አደባባዩን ነው፤ ነገሩን ሁሉም የሚሰማበትን፣ ያላዋቂውን ሰው ጎረቤቱ «ኧረ ይህን በል» ብሎ የሚያርምበትን። ያገኘነው ግን ቀላል አይደለም። የሚንተባተበውም ሰው ዛሬ ከአንደበተ ርቱዑ እኩል ገጽ አለው። ድሀውም በደሃ ደንብ ዳኝነት ሳይከፍል ለመክሰስ መጠየቅ ይችላል። የተጻፈው መቃወሚያ ከጻፈው ሰው ዕድሜ ይረዝማል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ወረቀቱ ሲነበብ ነው። ያልተነበበ መጥሪያ ካልተሰማ «በሕግ አምላክ» ይከፋል፤ ያኛውን ቢያንስ መንገደኛው ይሰማው ነበር።

ስለዚህ እናንተ ስልክ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ቤታችሁ ውስጥ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲገባ የሚጠራው የእናንተ ስም ነው፤ ወረቀቱ የእናት ወይም የአያት ቢሆንም። አራት ነገር ፈልጉ። የየትኛው ፍርድ ቤት ነው? መዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው? ቀኑ መቼ ነው? የጠቀሰው አንቀጽ የትኛው ነው? ከዚያ በቀጥታ ወደ ጠበቃ ወይም ነፃ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥ ሰው ሂዱ። ትዕዛዝ የሚለውን ቃል አይታችሁ አትደንግጡ፤ ትንሽ ነው ብላችሁም አትናቁት። ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ «ታዟል» የሚለው ቃል ምን እንደታዘዘ እስክታውቁ ድረስ ወረቀቱን አጥፋችሁ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት።